ዳኛውና ወረርሽኙ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር ለሐኪሙ ሥራ ይበዛበታል፤ ለፖሊሱም እንዲሁ። ዳኛው ግን ቢቻል ዘወር ብሎ እንዲቆይ ይጠበቅበታል። ምክንያቱን ለመረዳት አያዳግትም። በሽታ ቀጠሮ አይሰጥም፤ የፍርድ ቤት ሙግት ደግሞ ያለ ቀጠሮ አይሄድም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን በመታ ጊዜ፣ ቀባሪ እንኳ በጠፋበት ሰዓት፣ ስለ አቤቱታና ስለ ይግባኝ ማን ያስብ ነበር? ሆኖም ዛሬ ላወሳ የተነሣሁት ዳኛው በእንዲህ ያለው ጊዜ በችሎቱ ተቀምጦ ሲገኝ ምን ሊጠይቅ እንደሚችል፣ ሳይገኝ ሲቀርስ ምን እንደሚጎድል ነው።

ነገሩን ከአሜሪካ አገር የምጀምረው በዚያ ከመቶ ዓመት በፊት የተሰጡ ፍርዶች ኮቪድ በገባበት ዘመን እንደገና ከመደርደሪያ ወርደው በየችሎቱ ስለተጠቀሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በማሳቹሴትስ ግዛት በኬምብሪጅ ከተማ ፈንጣጣ ተነሣ። የከተማው የጤና ቦርድ ነዋሪው ሁሉ እንዲከተብ አዘዘ፤ እምቢ ያለ አዋቂ ሰው ቅጣቱ 5 ዶላር ነበር። ሄኒንግ ጄከብሰን የተባሉ የስዊድን ተወላጅ ቄስ አልከተብም አሉ። በልጅነቴ ተከትቤ ክፉኛ ታምሜአለሁ የሚል ምክንያትም ነበራቸው። ተቀጡ፤ ይግባኝ አሉ፤ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና እ.ኤ.አ. በ1905 በሰባት ድምፅ ለሁለት ተረቱ።

ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ጆን ማርሻል ሀርላን ናቸው። በአጭሩ ሲነገር፣ ሕገ መንግሥቱ ለሰው የሰጠው ነጻነት ጎረቤቱን ለአደጋ እስከ መጣል የሚደርስ ልቅ ነጻነት አይደለም፤ በክትባት ጠቃሚነት ላይ ሐኪሞች ቢከራከሩ እንኳ ከሁለቱ ወገን አንዱን የሚመርጠው ሕግ አውጪው እንጂ ፍርድ ቤቱ አይደለም የሚል ነው። ይህን የፍርዱን ክፍል መንግሥታት ሁሉ በቃላቸው ያጠኑት ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን ሀርላን ቀጥለው የጻፉት ነው። ሥልጣኑ ለሕዝብ ደኅንነት ከሚያስፈልገው አልፎ በዘፈቀደ ቢሠራበት ፍርድ ቤት ጣልቃ ሊገባ እንደሚችል፣ ክትባቱ ጤናውን እንደሚያቃውስበት የሚያስረዳን ሰው አስገድዶ መከተብም ጭካኔ እንደሚሆን አመልክተዋል። ጄከብሰን የተፈረደባቸው ገንዘብ እንዲከፍሉ እንጂ እጃቸው ተይዞ እንዲከተቡ እንዳልነበረም መርሳት አይገባም።

ይህ ልጓም ባዶ ቃል አለመሆኑን ከዚያ ከአምስት ዓመት በፊት በሳን ፍራንሲስኮ የሆነው ያሳያል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1900 በቻይናውያን ሰፈር በቸነፈር ሳይሞት አይቀርም የተባለ ሰው ሬሳ ተገኘ። የከተማው የጤና ቦርድ በዚያው ዓመት ሰፈሩን በገመድና በፖሊስ አጠረው። የአጥሩ መስመር ሲሰመር ግን እየተጣመመ የነጮቹን ቤቶች ወደ ውጭ፣ የቻይናውያኑን ወደ ውስጥ የሚያስቀር ሆነ። ጁ ሆ የተባሉ ባለሱቅ ከሰሱ። ዳኛው ዊልያም ሞሮው የጠየቁት ጥያቄ በእኔ አስተያየት ለሙያችን ትልቅ ትምህርት ነው። በሽታው በአንድ ቤት ከታየ መለየት ያለበት ያ ቤት ሆኖ ሳለ፣ በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ቅጥር አስገብቶ እርስ በርሱ እንዲቀላቀል ማድረግ በሽታውን ይከለክላል ወይስ ያዛምታል? አጥሩስ ለምን ዘር ይለያል? መልስ ስላልተገኘ አጥሩ እንዲነሣ አዘዙ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስጨንቅ ነገር አለ። ሞሮው ቸነፈሩ በእርግጥ መኖሩን ተጠራጥረው ነበር፤ ቸነፈሩ ግን ነበረ። እ.ኤ.አ. እስከ 1904 ድረስ በዚያች ከተማ 121 ሰዎች ታመው 113ቱ ሞተዋል። እንግዲህ ዳኛው በሕክምናው ነገር ተሳስተው በፍርዱ ግን ትክክል ነበሩ ማለት ነው። ይህ እንዴት ይሆናል ለሚል መልሴ ይህ ነው፤ ዳኛው የሐኪሙን ሥራ መሥራት አልነበረባቸውም። የሚጠበቅባቸው እርምጃውን ከተባለለት ዓላማ ጋር አስተያይቶ መመዘን ነበር፤ እርሱንም አደረጉ። በሽታው እውነት መሆኑ አጥሩን ቀና አያደርገውም።

ልጓሙ ሲፈታ ደግሞ ምን እንደሚመጣ እ.ኤ.አ. በ1927 ታይቷል። ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቨርጂኒያ ግዛት ኬሪ በክ የተባለችውን ወጣት በግድ እንድታመክን ሲፈቅድ፣ ዳኛ ሆምዝ እንደ ደጋፊ የጠቀሱት ፍርድ የጄከብሰንን ብቻ ነው። አምስት ዶላር መቀጮ ተነሥቶ የሰው የማሕፀን ቱቦ እስከ መቁረጥ መድረሱ ይገርማል። በኮቪድ ጊዜም ፍርድ ቤቱ ሲወላውል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 የካሊፎርኒያን የአምልኮ ገደብ አላግድም ብሎ በአምስት ድምፅ ለአራት አለፈ፤ በኅዳር ወር ግን የኒው ዮርክን ተመሳሳይ ገደብ በዚያው በአምስት ለአራት አገደ። በመካከሉ ዳኛ ጊንስበርግ ሞተው ዳኛ ባሬት ተተክተው ነበር። ከዚህ የበለጠ አስተያየት መስጠት አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 93 የሕዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲከሰት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሊታወጅ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ የተገኘው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ነው፤ አዋጁ በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ታወጀና ለአምስት ወር ጸና። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ግን ከአዋጁ አስቀድሞ፣ ገና በመጋቢት፣ አስቸኳይ ከሆኑት ጉዳዮች በቀር ሥራቸውን በከፊል ዘግተው ነበር። የማረሚያ ቤት ጥየቃም ታገደ። ከ4,000 በላይ ታራሚዎች በይቅርታ መፈታታቸው መልካም ሥራ ሆኖ ሳለ፣ በውስጥ የቀረው እስረኛ ግን ዘመዱን ሳያይ ቀጠሮውን የሚቆጥርበት ወራት ነበር። የችሎት አዳራሾቻችን ጥበት ለሁላችን የታወቀ ስለሆነ መዝጋቱን አልነቅፍም። ይሁን እንጂ መንግሥት ከወትሮው የበለጠ ሥልጣን በያዘበት ወቅት ያን ሥልጣን የሚመዝነው አካል ከወትሮው ያነሰ መሥራቱን ሳንናገር ማለፍ አይገባንም።

ትልቁ ጥያቄ የተነሣው በምርጫው ነው። ለነሐሴ 2012 ዓ.ም. ተቆርጦ የነበረው ምርጫ ሊካሄድ ባለመቻሉና የምክር ቤቱ ዘመን በመስከረም 2013 የሚያበቃ በመሆኑ፣ አንቀጽ 54፣ 58 እና 93 እንዲተረጎሙ ተጠየቀ። በሌላ አገር ቢሆን ይህ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ነው፤ በእኛ ሕገ መንግሥት ግን ጉዳዩን የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጉባኤውን የሚሰበስቡት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዝደንት ናቸው። በግንቦት ወር ምሁራን እየቀረቡ ሲከራከሩ ሕዝቡ በቴሌቪዥን ተከታተለ። በበኩሌ የሕገ መንግሥት ክርክር በየቤቱ ሳሎን ሲሰማ በማየቴ ደስ ብሎኛል። ዳሩ ግን ክርክሩን ያዳመጡትና በመጨረሻ የወሰኑት ሁለት ልዩ ልዩ አካላት ነበሩ።

የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ የምክር ቤቶቹን ዘመን አራዝሞ፣ ምርጫው ወረርሽኙ የሕዝብ ጤና ሥጋት አለመሆኑ በጤና መሥሪያ ቤቶችና በሳይንሱ ማኅበረሰብ ከተረጋገጠ በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለው ጊዜ እንዲካሄድ የሚል ነበር። የሥልጣን ዘመን መለኪያ በዚህ ዓይነት ለጤና መሥሪያ ቤት ተሰጠ። በመስከረም 2013 የጤና ሚኒስቴር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት አቀረበ፤ ይኸውም በሽታው ጠፍቷል የሚል ሳይሆን፣ ጥንቃቄ እየተደረገ ምርጫ ማካሄድ ይቻላል የሚል ነበር። ምክር ቤቱም ምርጫው በዚያው ዓመት እንዲሆን ወሰነ፤ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ኮቪድ ገና ሳይጠፋ ድምፅ ተሰጠ።

በሰኔው ውሳኔ ቃልና በመስከረሙ ሪፖርት ቃል መካከል ያለው ልዩነት ለሕግ ባለሙያ ጆሮ የሚሰወር አይደለም። ጥያቄውን ሞሮው እንዳደረጉት በችሎት አንሥቶ፣ ሚኒስቴሩን ምን ተለወጠ ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ ግን በሥርዓታችን አልነበረም፤ ዛሬም የለም።