ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅና ስለ ቲዩብ ኮምፕሬሰር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፥ ከሙዚቃው ዝግጅት በፊት፥ በሙዚቃ ክበብ ስም የተነገረ)



የንግግራችን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በወጣ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ኮምፕሬሰር ከጊታር ጋር ምን አገናኘው? ጎማ ልትነፉበት ነው ወይ?» እያሉ ስቀውብናል። አልፈረድንባቸውም። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር አየርን አምቆ ይይዛል፤ የኛው ግን የሚያምቀው በጮኸው ድምፅና በደከመው ድምፅ መካከል ያለውን ርቀት ነው። ዕቃው እነሆ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከአንድ መዝገበ ቃላት አይበልጥም፤ በእግር ተረግጦ ስለሚከፈትና ስለሚዘጋም ፔዳል ይባላል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት አስቀድመን መሰንቆንና ክራርን እናስብ። የመሰንቆ ድምፅ ደጋኑ እስከ ተሳበ ድረስ ይኖራል። ክራር ግን ክሩ በተመታበት ቅጽበት ከፍ ብሎ ይጮኽና ወዲያው መሞት ይጀምራል። ጊታርም በዚህ ነገር የክራር ወንድም ነው። በ1931 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ አገር ጆርጅ ቢቻም የተባለ ሰው ማግኔትና የሽቦ ጥቅል ከብረት ክሮች አጠገብ አድርጎ ከመጀመሪያዎቹ ኤሌክትሪክ ጊታሮች አንዱን ሠራ። ክሩ ሲንቀጠቀጥ በሽቦው ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ይወለዳል፤ ማጉያውም ያንን ያሳድገዋል። ነገር ግን ማጉያው አያዳላም፤ ብርቱውንም ደካማውንም በአንድ ልክ ያበዛል። ስለዚህ ጣት በጠነከረ ጊዜ ጆሮ ይታመማል፤ በለሰለሰ ጊዜ ደግሞ ከበሮው ይውጠዋል።

እኛንም የገጠመን ይኸው ነው። ጊታር የሚጫወትልን ጓደኛችን እጁ እጅግ ለስላሳ ነው። በልምምድ ጊዜ ከአዳራሹ ኋላ የተቀመጡት «ጊታር አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁን ነበር። ማጉያውን ከፍ ስናደርግለት ደግሞ ከፊት ያሉት ጆሮአቸውን ያዙ። በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለን አንድ የቀድሞ ተማሪ ይህን ፔዳል አዋሰን።

ኮምፕሬሰር የሚሠራው ሥራ የመዘምራን መሪ በእጁ የሚሠራውን ነው። አንዱ ዘማሪ ከሌሎቹ በላይ ሲጮኽ መሪው እጁን ዝቅ ያደርግበታል፤ ሁሉም ከተስተካከሉ በኋላ መላውን ማኅበር «ከፍ በሉ» ይላል። በቁጥር እንናገረው። የድምፅ ብርታት በዴሲቤል ይለካል። ኮምፕሬሰሩ በአራት ለአንድ ልክ ቢቀናና አንድ ምት ከተወሰነው ድንበር 12 ዴሲቤል ቢያልፍ፥ ከድንበሩ በላይ የሚወጣው 3 ብቻ ነው፤ ዘጠኙ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንድነት በ9 ዴሲቤል ከፍ ይደረጋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ብርቱው ምት ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ ከድንበሩ በታች የነበረው ሹክሹክታ ግን 9 ዴሲቤል አተረፈ። ጊታሩ ረጅም ዕድሜ ያገኘ የሚመስለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ክሩ በእውነት ከቀድሞው አልቆየም፤ እየሞተ ሲሄድ የመሪው እጅ ስለሚላላለት ለጆሮ የኖረ ይመስላል።

ፍጥነቱም ትልቅ ነገር ነው። ኮምፕሬሰሩ ከሴኮንድ አንድ ሺኛ በሚቆጠር ጊዜ ውስጥ ፈጥኖ ቢይዝ፥ ፒኩ ክሩን ሲነካ የሚሰማው የመጀመሪያው ቀጭ የሚል ድምፅ ይታፈናል፤ ዜማው ለስላሳ ቢሆንም እንቅልፍ ያመጣል። ጥቂት ዘግይቶ ቢይዝ ያ ድምፅ ያመልጥና የተቀረው ይስተካከላል። ለመልቀቅ ከቸኰለ ደግሞ ድምፁ እንደ ደከመ ሯጭ ይተነፍሳል። እኛ በዚህ ቁልፍ ላይ ብቻ ሁለት ከሰዓት በኋላ አጥፍተናል፤ የሒሳብ መምህራችን ይቅር ይበሉን።

አሁን «ቲዩብ» ወደሚለው ቃል እንምጣ። አያቶቻችን የሚያስታውሱት አሮጌው ሬዲዮ ሲከፈት ወዲያው አይናገርም ነበር፤ የመስታወት አምፑሎቹ እስኪግሉ ይጠብቃል። ቲዩብ ማለት ይኸው አምፑል ነው። አየሩ ተመጥጦ በወጣበት መስታወት ውስጥ የጋለው ብረት ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ እነርሱም ወደ ሌላው ብረት ይበራሉ። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ በ1904 ሁለቱን ክፍሎች ሠራ፤ አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት በ1906 በመካከላቸው እንደ ወንፊት ያለ ሽቦ ጨመረ። ገበሬ በአንድ አካፋ አፈር የመስኖን ውሃ እንደሚመልስ፥ በወንፊቱ ላይ ያለው ትንሽ ኃይል ታላቁን ፍሰት ይገዛል።

ሆኖም ቲዩብ አለበት ማለት የሚጨምቀው ቲዩቡ ነው ማለት አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ የወጣው ፌርቻይልድ 670 የተባለው የስቱዲዮ መሣሪያ 20 ቲዩቦች ነበሩት፤ በእርሱ ውስጥ ድምፁን የሚገቱት በእርግጥ ቲዩቦቹ ራሳቸው ናቸው። በ1960ዎቹ የወጣው ቴሌትሮኒክስ ኤልኤ-2ኤ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ድምፁ ሲበረታ በውስጡ ትንሽ ብርሃን ይደምቃል፤ ብርሃን የሚሰማው ሌላ ክፍል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የቲዩቦቹ ሥራ ማጉላት ነው። በእጃችን ያለው ፔዳልም የዚህ ዘር ነው። አንዲቱ ቲዩብ የምትሰጠው ጣዕምን ነው፤ ድምፅ ሲበዛባት ጫፉን በድንገት አትቆርጠውም፥ ታለዝበዋለች፤ በላዩም አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ረቂቅ ድምፅ ትጨምርበታለች። ሰዎች «ሞቅ ያለ» የሚሉት ይህንን ነው።

ገንዘብ ለሚያወጡ ወላጆች አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በ1940ዎቹ የወጣው 12ኤኤክስ7 የተባለው ዕውቅ ቲዩብ በ250 ቮልት ያህል እንዲሠራ የታሰበ ነው፤ በብዙ ርካሽ ፔዳሎች ውስጥ የሚያገኘው ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። እንዲያውም አንዳንዱ ሠሪ የጋለ እንዲመስል ከቲዩቡ ሥር ሌላ መብራት ይተክላል። መብራቱ ያማረውን ሁሉ አትመኑ።

ፔዳሉን ባስገባን ቀን የጓደኛችን ጊታር እስከ መጨረሻው ወንበር ተሰማ፤ እኛም አጨበጨብን። ደስታችን ብዙ አልቆየም። ጊታሩ ዝም ባለ ጊዜ ከማጉያው እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ድምፅ ወጣ፤ ለካ ሹክሹክታን ያነሣው መሣሪያ ጉርምርምታውንም አንሥቶታል። ከዚህ የባሰው ግን በዝግታ የሚዘመረው መዝሙር ላይ የሆነው ነው። ሦስተኛው ስንኝ በጸሎት ድምፅ እንዲባል የተሠራ ነው፤ በፔዳሉ ግን ከመጀመሪያው እኩል ጮኾ ወጣ። ጓደኛችን ጊታሩን አስቀምጦ «ይህ የእኔ እጅ አይደለም» አለ።

ክበባችን በሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን «ኋላ የተቀመጠው ወላጅ የመስማት መብት አለው» አልን። ግማሾቻችን «መሪው ማንንም ከፍ እንዲል የማይፈቅድለት ማኅበር እየዘመረ አይደለም» ብለን መለስን። ክርክሩ ሁለት ሳምንት ቆየ፤ ሁለት ሰዎችም ለጥቂት ቀን አልተነጋገሩም። በመጨረሻም በፈጣኑ ዜማ ላይ ከ4 ዴሲቤል የማይበልጥ ብቻ እንዲጨምቅ፥ በዝግታው መዝሙር ላይ ግን ፔዳሉ እንዲዘጋና ከበሮው እንዲለዝብ ተስማማን። ከበሮ የሚመታው ጓደኛችን ዛሬም አኩርፏል።

እኛ ስንናገር ቲዩቡ ሞቋል፤ መብራትም እግዚአብሔር ይመስገን አልጠፋም። አሁን ጓደኛችን ፈጣኑን ዜማ መጀመሪያ ያለ ፔዳሉ፥ ቀጥሎ በፔዳሉ ይጫወታል። ከኋላ የተቀመጣችሁ ወላጆቻችን፥ በመጀመሪያው ጊዜ ካልተሰማችሁ እባካችሁ እጃችሁን አንሡ።