አለርጂ ያልሆነው ሽፍታ

እሷ፦ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ስሙ የገነነው በሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። ዛሬ ግን ቆዳውን ያመመው ሁሉ ይሄድበታል። አንዳንዱ ሽፍታ ታዲያ ከቆዳ ያለፈ ነው።

እሱ፦ የሽኒትዝለር ሕመምን ማለትሽ ነው?

እሷ፦ አዎ፤ ፈረንሳዊቷ የቆዳ ሐኪም ሊሊያን ሽኒትዝለር በ1972 እ.ኤ.አ. የገለጹት። ቆዳው ሳማ የለበለበው ይመስላል። እብጠቱ በአንድ ቀን ጠፍቶ ሌላ ቦታ ይወጣል። ትኩሳት አለው፤ አጥንት ይጠዘጥዛል።

እሱ፦ እኛ ሰፈር እኮ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል።

እሷ፦ የአለርጂ ክኒንም ብዙ አይረዳውም። የሰውነት መከላከያው ራሱ፣ ጀርም ሳይኖር ይቆጣል፤ ቁጣውን የሚያባብሰው ኢንተርሉኪን 1 የተባለ፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። አናኪንራ የተባለው መርፌ ይህን ያግደዋል፤ ብዙዎቹ ታማሚዎች በቀናት፣ አንዳንዶቹም በሰዓታት ይሻላቸዋል። ሲቋረጥ ግን ይመለሳል። በየቀኑ መወጋት ነው።

እሱ፦ መድኃኒቱም ውድ ነው። ታማሚው ጥቂት ስለሆነ ግን መረሳት የለበትም!

እሷ፦ በፍጹም! አድማጮቻችን፣ ሽፍታው ከስድስት ሳምንት ካለፈና ትኩሳት ካለው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላልና፣ ሲወጣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።