ፖሊስን ማን ይመረምራል? የሲያትል ከተማ ልምድ

አቅራቢ፦ ፖሊስ በደል ሲፈጽም አቤት የሚባለው ለማን ነው? መልሱን ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከአሜሪካዋ ሲያትል እንፈልግ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 አንድ የሲያትል ፖሊስ ጆን ዊሊያምስ የተባለውን እንጨት ቀራጭ ተኩሶ ገደለው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴርም ምርመራ አካሂዶ፣ የከተማዋ ፖሊስ ከልክ ያለፈ ኃይል በተደጋጋሚ እንደሚጠቀም በ2011 ይፋ አደረገ። በ2012 ከተማዋ በፍርድ ቤት ክትትል ሥር ፖሊሷን ለማሻሻል ተስማማች። በ2017 ደግሞ የፖሊስ ተጠያቂነት ሕግ አወጣች።

በሕጉ መሠረት አቤቱታ የሚያጣራውን ቢሮ የሚመራው ሲቪል ዳይሬክተር ነው። ከንቲባው ያጩታል፤ የከተማው ምክር ቤት ያጸድቀዋል። የቢሮውን ሥራ የሚቆጣጠር ዋና ኢንስፔክተርና የነዋሪዎችን ድምፅ የሚያሰማ ኮሚሽንም አሉ።

ዳይሬክተሩ ግን ራሱ አይቀጣም፤ ጥፋት መኖር አለመኖሩን አጣርቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። ቅጣቱን የሚወስነው የፖሊስ አዛዡ ነው። የአዛዡ ውሳኔ መነሻ ግን የዳይሬክተሩ ማጣራት ነው፤ ለዚህም ነው የዳይሬክተሩ ሹመት ነገር ከባድ የሚሆነው። ማስረጃ መመዘን የማይችል ሰው ከተሾመ፣ ጥፋተኛው ያመልጣል፤ ንጹሑ ፖሊስም በከንቱ ይወነጀላል። ሙያ ያለው ግን ነፃነት የሌለው ሰው ቢሾምም፣ ተበዳዩ ቢሮውን አያምነውም፤ አቤቱታውንም ይዞ ቤቱ ይቀመጣል።

ስለዚህ በሲያትል የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ዕጩ ሲቀርብ ምክር ቤቱ ፊት ሐሳባችሁን ስጡ። የዕጩውን ልምድ ጠይቁ፤ ለማንም እንደማያዳላ በምን እንደሚያሳይም ጠይቁ። ከሹመት በፊት የሚነሳ ጥያቄ የዜጋ መብት ነው።