ሙያና ልምድ ሲከባበሩ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የዩኒየናችን አባላት፣
የተከበራችሁ የወረዳና የቀበሌ አመራር አካላት፣
ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶች፣



ስለ ግብዓት አቅርቦትና ስለ ገበያ ከእኔ በፊት የተናገሩት በሚገባ አስረድተዋል። እኔ በተሰጠኝ አጭር ጊዜ የማነሳው በሪፖርታችን ላይ የማይጻፍ ጉዳይ ነው። ይኸውም እኛ ባለሙያዎችና እናንተ አርሶ አደሮች በስብሰባ ላይ እንዴት እንደምንነጋገር ነው። ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ምርት ያሳጣል። ምርት ሲያሳጣ ስላየሁ ነው የምናገረው።

ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ስለ ጤፍ በመስመር መዝራት ለማስረዳት አርሶ አደሮችን ሰበሰብኩ። በብተና ሲዘራ በሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም ዘር እንደሚያስፈልግ፣ በመስመር ሲሆን ግን 5 ኪሎ ግራም ያህል እንደሚበቃ፣ በመስመሮች መካከልም 20 ሳንቲ ሜትር መተው እንዳለበት ተናገርኩ። አንድ በዕድሜ የገፉ አባት እጃቸውን አውጥተው፣ “ልጄ፣ መልካም ብለሃል። ግን ይህ መሬት በከብት ሳይረገጥ የጤፍ ዘር አይቀበልም” አሉ። እኔም ሳቅ ብዬ፣ “አባቴ፣ እሱ የድሮ አሠራር ነው፤ አፈር ሲረገጥ ይጠጥራል” አልኳቸው። ሰዉም ሳቀ። እሳቸው፣ “እሺ ልጄ” ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ስብሰባ አንድም ቃል አልተናገሩም።

የሠርቶ ማሳያውን ማሳ ሳናስረግጥ ዘራን። አንዱ መስመር በቀለ፤ ሌላው ባዶውን ቀረ። የጤፍ ዘር እጅግ ደቃቅ ነው። አፈሩ ልል ከሆነ በጓሉ መካከል ጠልቆ ይገባና አቅም አጥቶ ይቀራል፤ የላይኛው አፈርም ቶሎ ይደርቃል። ማስረገጡ አፈሩን ከዘሩ ጋር ያገናኛል፤ እርጥበት ይይዛል፤ አረምም ይቀንሳል። እኒያ አባት ይህን ያውቁ ነበር። በማሳው ዳር ሲያልፉም አይተዋል። ዳግም ያልተናገሩት እኔ አፋቸውን ስለዘጋሁት ነው።

“ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” ይባላል። ያን ዕለት እኔ ሁለቱንም ነበርኩ።

ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። እሳቸውም፣ “ያሳፈርከኝ እኔን አይደለም፤ ከእኔ በኋላ ሊናገር የነበረውን ሁሉ ነው” አሉኝ። ከዚያም ቁጭ ብለን ተነጋገርን። የተማርኩት ነገርም ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም። ተዳፋት መሬት ላይ ተረግጦ የለሰለሰ ማሳ በጎርፍ በቀላሉ ይታጠባል። ይህን ስነግራቸው በሐሳቤ ተስማምተው ከማሳቸው በላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ አወጡ። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ አስረገጥን፤ ቀጥሎ በገመድ እየለካን በመስመር ዘራን። ቡቃያው ተስተካክሎ ወጣ። እርግጥ ነው፣ የመስመር ዘር ጉልበት እንደሚበላ እስከ ዛሬ ይወቅሱኛል፤ እውነታቸውን ነው።

የተከበራችሁ አባላት፣

ጥፋቱ ግን በእኛ በኩል ብቻ አይደለም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በአንድ አርሶ አደር የስንዴ ማሳ ላይ ቢጫ መስመር የያዘ ቅጠል አይታ፣ “ይህ ቢጫ ዋግ ነው፤ ሳይዛመት መድኃኒት ይረጭ” አለች። ባለቤቱ በሰው ፊት፣ “እጅሽ ሞፈር ጨብጦ የማያውቅ አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ? ይህ ውርጭ ነው” አላት። እሷም አንገቷን ደፍታ ተመለሰች፤ ደግማም ወደዚያ ማሳ አልሄደች። ዋግ የሚዛመተው በነፋስ በሚበንን፣ በዓይን ነጥሎ ለማየት በሚያስቸግር ደቃቅ ብናኝ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ችላ ከተባለ ማሳውን ያዳርሳል፤ ያዳረሰውም። እርፍ ጨብጦ ማደግ ትልቅ ዕውቀት ነው፤ ይህን ዓይነቱን በሽታ ለመለየት ግን የተማረ ዓይን ያስፈልጋል።

እኛ ባለሙያዎችም ብንሆን የምንናገረው ሁሉ የማይለወጥ አይደለም። በ2002/03 የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገላማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ክፉኛ መታ። በወቅቱ ቢጫ ዋግን ይቋቋም የነበረው ዲገሉ የተባለው ዝርያ ከዚያ በኋላ በሰፊው ተዘራ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በባሌና በአርሲ ያንኑ ዲገሉን ግንድ ዋግ አጠቃው። በሽታው ራሱን ይለውጣል፤ ምክራችንም አብሮ መለወጥ አለበት። ትናንት “ይህን ዝሩ” ያለ ባለሙያ ዛሬ “ተዉት” ሲል ውሸታም ሆኖ አይደለም። ሊለወጥ የሚችለውን እንደማይለወጥ አድርጎ ከተናገረ ግን ጥፋቱ የራሱ ነው።

መከባበር ሲኖር ምን እንደሚገኝ ከጤፍ ሌላ ምሳሌ ላንሳ። ዱከም የተባለው ዝርያ ጥሩ ምርት ይሰጥ ነበር፤ የዘሩ ንጣት ግን ገበያው የሚፈልገው አልነበረምና አርሶ አደሩ በሰፊው አልተቀበለውም። ማኛ የተባለው ደግሞ እጅግ ነጭ ነው፤ በምርት ግን ዱከምን አያህልም። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች “አርሶ አደሩ አልገባውም” ብለው አልተዉትም። ሁለቱን አዳቅለው በ1998 ዓ.ም. ቁንጮ የተባለውን ዝርያ አወጡ፤ በብዙ አካባቢም ተስፋፋ። ማዳቀሉ የተመራማሪው ሙያ ነው። ምን ዓይነት ጤፍ እንደሚፈለግ የነገረው ግን አምራቹ፣ ነጋዴውና ምጣድ ላይ የምትቆመው እናት ናቸው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በየስብሰባችን ልንለምዳቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮችን ላቅርብ።

አንደኛ፣ ባለሙያው ከማስተማሩ በፊት ይጠይቅ። “እርስዎ እንዴት ነው የሚያደርጉት? ለምንስ?” ይበል። ምክንያቱን ሳይሰማ “የድሮ ነው” አይበል።

ሁለተኛ፣ ሁላችንም ቃላችን ከየት እንደመጣ እንናገር። “በማሳዬ አይቻለሁ” አንድ ነገር ነው፤ “በትምህርት አግኝቻለሁ” ሌላ ነው፤ “ሲባል ሰምቻለሁ” ደግሞ ሌላ ነው።

ሦስተኛ፣ ሐሳቡን እንጂ ሰውየውን አንንቀፍ። “የወረቀት ገበሬ” ወይም “ኋላ ቀር” የሚሉት ቃላት ከስብሰባችን ይውጡ። ሰው ሲሳሳት ለብቻው ይነገረው።

አራተኛ፣ ካልተስማማን በአፍ አንከራከር፤ መሬቱ ይፍረድ። ከማሳው ጥግ ትንሽ ቦታ ላይ ሁለቱን አሠራር ጎን ለጎን ዘርተን በመኸር አብረን እንመዝን።

አምስተኛ፣ “አላውቅም፤ ጠይቄ እመለሳለሁ” ማለት ለባለሙያ ነውር አይሁን። ሳይመለሱ መቅረት ግን ነውር ነው።

ለአመራር አካላትም አንድ ልመና አለኝ። የሥራችን ሪፖርት ስንት ሰው እንደተሰበሰበ ይቆጥራል። ስንት ሰው እንደተናገረ፣ የተናገረው ምን እንደነበርና ምን መልስ እንዳገኘም ቢጠየቅ፣ እኛ የልማት ሠራተኞች ለመስማት ጊዜ እናገኛለን።

በመሠረታዊ ማኅበሮቻችን ሕጉ አንድ አባል አንድ ድምፅ ይላል። ብዙ መሬት ያለውም ጥቂት ያለውም እጁን ሲያወጣ እኩል ይቆጠራል። ይህ ድምፅ በምርጫ ቀን ብቻ የሚቆጠር መሆን የለበትም። ማሳ ዳር ቆመን ስለ ዘርና ስለ አፈር ስንነጋገርም ሊሰማ ይገባል።

እኒያ አባት ዛሬ እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል። ስማቸውን እንዳልጠራ ስላዘዙኝ አልጠራም። በዚያ ስብሰባ ላይ በሰው ፊት አሳፍሬያቸው ነበርና፣ ዛሬ በሰው ፊት አመሰግናቸዋለሁ።