ቦይለሩን ከመጣላችን በፊት

እኔ ሂሳብ ሠራተኛ እንጂ ኤሌክትሪሺያን አይደለሁም። ነገር ግን ባለፈው ክረምት እናቴን ገላዋን ስትታጠብ አሮጌው ቦይለራችን ነዘራት። ባለሙያ ሲፈታው ሬዚስታንሱ ነጭ ቅርፊት ለብሶ ተሰንጥቆ ተገኘ።

የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ውሃችን ከድሬዳዋ በኩል መሳብ ከጀመረ ወዲህም ሐረር ላይ ውሃ በፈረቃ ነው። ቦይለር ባዶውን ከበራ ሬዚስታንሱ ይቃጠላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍተን ውሃ መውረዱን እንይ፤ ከዚያ እናብራ። ገላችንን ስንታጠብ እናጥፋው።

ከነዘረን ብሬከሩን አውርደን ባለሙያ እንጥራ፤ የመሬት ሽቦውም ይታይ። ቅርፊት ማስጠረግና ሬዚስታንስ ማስቀየር ከአዲስ ቦይለር ዋጋ በብዙ ያንሳል። በርሜሉ ራሱ ዝጎ ካፈሰሰ ግን ጥገናው ኪሳራ ነው፤ ለአዲሱ ከዛሬ ጀምረን እንቆጥብ። ገንዘብ ይተካል፤ እናት ግን አትተካም።