ወላጅና ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



በዚህ የበዓል ቀን ስለ ወላጅና ስለ ልጅ እንድንናገር ስንታዘዝ በመጀመሪያ ትዝ ያለን «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት ነው። ገና ከአባታችን ማዕድ የምንበላ የ18 ዓመት ወጣቶች ለወላጆች ስለ ወላጅነት ብንናገር የሚያስቅ ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ከእናንተ ይልቅ እኛ እናውቃለን፤ ይኸውም ከወላጁ እጅ ለመውጣት የተዘጋጀ ልጅ በልቡ የሚያስበው ነው። ስለዚህ የምንናገረው ለማስተማር ሳይሆን፣ በቤት ውስጥ አፍረን ያልተናገርነውን በጉባኤ ፊት ለመግለጥ ነው።

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሰው 18 ዓመት ሲሞላው ለአካለ መጠን ደረሰ ይባላል። ሕጉ ይህን በአንድ ቀን ይፈጽመዋል፤ የእናት ልብ ግን በአንድ ቀን አይፈጽመውም። 18 ዓመት የሞላው ልጅ በማግሥቱ ጧት ከቤት ሲወጣ እናቱ «ሹራብህን ደርብ፤ የሐይቁ ነፋስ ይመታሃል» ትለዋለች።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ብዙ ታላላቆቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከእናታቸው ቤት ውጭ ያደሩት ለዚሁ ፈተና ነው። ከእኛ አንዱ ታላቅ ወንድሙ ለፈተና የሄደበትን ቀን እንዲህ ሲል አጫወተን። እናታቸው ሻንጣውን ሦስት ጊዜ አሰናድታ ሦስት ጊዜ ፈታችው። አባታቸው አንድ ቃል ሳይናገሩ የሻንጣውን ማንገቻ ብቻ ያጠብቁ ነበር። ማታ ራት ሲቀርብ ደግሞ እናትየው ሳታስበው የሄደውን ልጅ በርጩማ በማዕዱ ዙሪያ አኖረች። ማንም አላነሣውም።

ወላጆቻችን ሆይ፤ በዚያ ሌሊት ልጁም አልተኛም። ነጻነት ስንፈልግ እናንተን የጠላን ይመስላችኋል፤ እኛ ግን የምንፈልገው እናንተ ያስተማራችሁን ነገር በራሳችን እጅ ይሠራ እንደ ሆነ ለማየት ነው።

እዚህ ላይ ጥፋታችንንም መናዘዝ ይገባናል። ወደ 11ኛ ክፍል ስንገባ የተፈጥሮ ሳይንስና የኅብረተሰብ ሳይንስ ተብለን ተለየን። ከእኛ አንዱ አባቱ ሐኪም እንዲሆን ስለሚመኙ በፊታቸው «እሺ» ብሎ፣ በቅጹ ላይ ግን የኅብረተሰብ ሳይንስ ሞልቶ ወራት ሙሉ ደበቃቸው። አንድ ቀን አባትየው የባዮሎጂ መጽሐፉን እንዲያሳያቸው ቢጠይቁት ነገሩ ተገለጠ። አባትየው ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ያሳዘነኝ መምረጥህ አይደለም፤ እኔን እንደ ባዕድ መፍራትህ ነው» አሉት። ይህ ቃል እርሱን ብቻ ሳይሆን የሰማነውን ሁሉ ነካን። ራሱን የቻለ ሰው ማለት የመረጠውን በግልጥ የሚናገር እንጂ በስውር የሚያደርግ አይደለምና።

የጎጃሙ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ይህንኑ ጭንቀት ያሳዩናል። ፊታውራሪ መሸሻ ሰብለ ወንጌልን ለጋብቻ የሚጠይቁትን ሁሉ ከዘራቸው ያነሱ እየመሰላቸው ሲመልሱ ጊዜዋ አለፈ። የበዛብህ ወላጆች ደግሞ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሲሆኑ ልጃቸውን በስለት ሰጡ፤ ባደገም ጊዜ ስለቱ ልቡን አስጨነቀው። ሁሉም ልጆቻቸውን ይወዱ ነበር፤ ነገር ግን ልጅ ሲያድግ የራሱ ልብ እንደሚኖረው አላሰቡም።

በመጽሐፍ ቅዱስ የምናነባት ሐናም ልጇን ሳሙኤልን ተስላ ለቤተ መቅደስ ሰጥታለች። ይሁን እንጂ በየዓመቱ ትንሽ ልብስ እየሠራች ትወስድለት ነበር። በየዓመቱ መሆኑን እናስተውል። የአምናው ልብስ ለዘንድሮ አይበቃም። በዓመት አንድ ጊዜ የምታየው እናት ልጇ ምን ያህል እንዳደገ በልቧ ገምታ መለካት ነበረባት። እግዚአብሔር ሳሙኤልን በሌሊት በጠራው ጊዜ ሐና በአጠገቡ አልነበረችም፤ የመለሰውም ራሱ ነው። መምህሩ ዔሊም ጥሪውን አልተቀበለለትም፤ እንዴት እንደሚመልስ ብቻ ነገረው። መምህሮቻችን ሆይ፤ ለእኛም ያደረጋችሁልን ይህንኑ ነው።

የጣና ሰው ይህን ነገር ከደንገል ታንኳ ያውቀዋል። ታንኳ የተሠራው ውኃ ላይ ሊሄድ ነው፤ በዳር አስሮ ማኖር ከመስጠም ያድነው ይሆናል፤ ግን ታንኳነቱን ያስቀራል። ደግሞም ሁልጊዜ በውኃ ላይ አይቆይም፤ ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ሲከብድ ባለቤቱ ወደ ዳር አውጥቶ በፀሐይ ያደርቀዋል። እኛም ከወላጆቻችን ቤት የምንለምነው ይህን ነው፤ እንዳትይዙን፣ ስንከብድ ግን የምንደርቅበት ዳር እንድትሆኑልን።

ደግሞ መሄድ በእኛ አልተጀመረም። የቆሎ ተማሪዎች አኩፋዳቸውን አንግተው ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ የቅኔ ቤት ሲሄዱ በየመንደሩ ያለቀሰች እናት ነበረች። በ1953 ዓ.ም. የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የፖሊቴክኒክ ተቋሙ ሲከፈቱ ወደዚህች ከተማ የመጡት ወጣቶችም የእናታቸውን ደጅ ትተው ነው። ዛሬ የምንሸኘው እኛ፣ ትናንት የተሸኙት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነን።

እንግዲህ ወላጆቻችን፤ ከማዘዝ ይልቅ ጠይቁን፤ ምክራችሁን አታቋርጡብን፤ በትንሹ ስንሳሳት በትልቁ እንዳንወድቅ ተማሩበት ብላችሁ ታገሡን፤ በጸሎታችሁም አትርሱን። መንገዱ በሚያሳስብበት በዚህ ጊዜ ልጅን መሸኘት ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። እኛም በበኩላችን የምንሄድበትን እንዳንደብቅ፣ ደኅንነታችንን ሳንጠየቅ እንድንነግራችሁ፣ ስንሳሳትም ከሰው አፍ ሳትሰሙ ከእኛ እንድትሰሙ በዚህ ጉባኤ ፊት ቃል እንገባለን።

ያቺን በርጩማ ግን አታንሡብን። ስንመለስ ለመቀመጫ ሳይሆን ለእናንተ ማዕድ ለማቅረብ የምንችል ሰዎች ሆነን እንድንመጣ እግዚአብሔር ይርዳን። ወላጆቻችንንና መምህሮቻችንን በዕድሜና በጤና ይጠብቅልን።