ስለ እስስት መልክና ጠባይ



እስስት ከእንሽላሊት ወገን ናት። በደጋው ቁጥቋጦና በጓሮ አጥር ላይ የምትገኘውን ትንሿን እስስት፥ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በኢትዮጵያ ከተዘዋወረ በኋላ በ1845 ዓመት ለይቶ ስም ሰጥቷታል (ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ቁመቷ ከነጅራቷ ከአንድ ስንዝር እምብዛም አይበልጥም።

ሰውነቷ እንደ ቅጠል ከግራና ከቀኝ የጠፈጠፈ ነው፤ ጅራቷም በቅርንጫፍ ላይ ይጠመጠማል። አምስቱ ጣቶቿ በአንድ ወገን ሦስት፥ በሌላው ወገን ሁለት ሆነው ስለ ተጣበቁ እንጨቱን እንደ ጕጠት ይይዛሉ። ዐይኖቿ በቆዳ ተሸፍነው በመካከላቸው ትንሽ ቀዳዳ ብቻ አላቸው፤ አንዱ ወደ ፊት ሲያይ ሁለተኛው ወደ ኋላ ይመለከታል። ስትራመድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘች ስለ ሆነ ነፋስ የሚያንቀሳቅሰው ቅጠል ትመስላለች።

ዝግታዋን አይቶ ሰነፍ ናት የሚል ሰው አደኗን ቢያይ ይደነቃል። ዝንብ ወይም አንበጣ ባየች ጊዜ ሁለቱን ዐይኖቿን በአንድነት ወደ እርሱ ታቀናለች፤ አፏን ቀስ ብላ ትከፍታለች፤ ከዚያም የገላዋን ርዝመት የሚያህል ምላስ ሰው ዐይኑን ሳይጨፍን ወርውራ ትመልሳለች። በምላሷ ጫፍ ያለው ንፍጥ ከሰው ምራቅ 400 ጊዜ ያህል የወፈረ መሆኑን ሊቃውንት በ2016 ዓመት አስታውቀዋል።

ሕዝቡ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው መልኳን መለዋወጧን ነው፤ ቃሉን የማያጸና ሰውም እስስት ይባላል። ይህ ስድብ ግን በእስስት ላይ ያለ ጥፋቷ የተጫነ ነው። የተቀመጠችበትን ሁሉ ትመስላለች መባሉ እውነት አይደለም፤ በቀይ ጨርቅ ላይ ቢያኖሯት ቀይ አትሆንም። በማለዳ ብርድ ጊዜ የፀሐይን ሙቀት ለመቀበል ትጠቍራለች፤ ስትፈራና ስትቈጣ ትለወጣለች፤ ወንዱም ሌላ ወንድ ሲመጣበት ይደምቃል። እንግዲህ መልኳ የውስጧን ይገልጣል እንጂ አይሸሽግም። በ2015 ዓመት የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የማዳጋስካርን እስስት መርምረው፥ በቆዳዋ ውስጥ ብርሃን የሚመልሱ እጅግ ደቃቅ ጠጠሮች እንዳሉ፥ እነርሱም ሲራራቁና ሲቀራረቡ መልኩ እንደሚለወጥ ገልጠዋል።

መርዝ አላት ብለው የሚወግሯት ሕፃናት ጥቂቶች አይደሉም፤ ይህን ያስተማሯቸውም ታላላቆቻቸው ናቸው። እስስት ግን መርዝ የላትም። ሲይዟት ገላዋን ነፍታ፥ አፏን ከፍታ እፍ የምትለው ለማስፈራራት ነው። ኦሪትም ከማይበሉት ተንቀሳቃሾች ጋራ ቈጥሯታል (ዘሌዋውያን 11፥30)፤ አትብላ ማለት ግን ግደል ማለት አይደለም። የምትበላው ነፍሳትን ስለ ሆነ በጓሮው አትክልት ላይ ጕዳት አታደርስም።

መምህሩ ልጆቹን ወደ አጥሩ ወስዶ ሳይነኩ ሊያሳያቸው ቢወድ፥ የሚሻለው ጊዜ ማለዳ ነው። ያን ጊዜ ጠቍራ፥ ጎኗን ለፀሐይ ሰጥታ ትገኛለች፤ ዝም ብለው ጥቂት ቢጠብቁ ገላዋ ሲሞቅ መልኳ እየፈካ ሲሄድ ያያሉ።